የስኮትላንድ ስደተኛ እናትን የሕይወት ታሪክ ከስፌት ሳጥናቸው ተነስቶ ለማዘጋጀት፦ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ከስኮትላንድ ወደ ካናዳ፣ አሜሪካ ወይም አውስትራሊያ ከተሰደደ ቤተሰብ ጋር በጋብቻ ለተዛመዳችሁ ነው። አማታችሁ አርፈዋል። ባለቤታችሁና እህት ወንድሞቹ ሐዘን ላይ ናቸው። የልጆቻችሁ አያት ታሪክ ተጽፎ ይቀመጥ ተባለና ሥራው እናንተ ላይ ወደቀ።

አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት ላይ ስማቸውን በመፈለግ ይጀምራል፤ ያው ስም ያላቸው ብዙ ሴቶች ሲደረደሩበት ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ቤቱን ቶሎ ለማስረከብ ሲጣደፍ የስፌት ዕቃውን በሙሉ ለእርዳታ ሱቅ ይሰጥና ከሳምንት በኋላ የሚጽፈው ያጣል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ መጀመሪያ የስፌት መኪናውና ጨርቁ፣ ቀጥሎ ሰዎቹ፣ ከዚያ መዝገቡ፣ በመጨረሻ ጽሑፉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲሰፉ የኖሩ ሴት ቤት ውስጥ ጊዜንና ቦታን የሚናገር ማስረጃ ሞልቷል፤ ማንበብ ብቻ ነው የሚፈልገው።

እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ፈቃድ አግኙ። አንድ መርፌ እንኳ ከማንሳታችሁ በፊት የኑዛዜው አስፈጻሚ ማን እንደሆነ ጠይቁና አሳውቁት። ለባለቤታችሁ እህት ወንድሞችም በአንድ ቀን ተመሳሳይ መልእክት ላኩ፦ «ዕቃውን ፎቶ እያነሳን እየመዘገብን ነው፤ ሁላችሁም ሳትስማሙ ከቤት የሚወጣ ነገር የለም።» ምራት ወይም አማች ዕቃ ሲነካካ ቶሎ ይታያል፤ ይህች መልእክት ብዙ ቅያሜ ታስቀራለች።

አዘጋጁ። ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ፣ ንጹሕ ነጭ አንሶላ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ የእጅ ባትሪ፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ትንንሽ የወረቀት ካርዶች፣ ካርዱን ከልብሱ ጋር የምታስሩበት ነጭ የጥጥ ክርና አንድ ደብተር።

አጠገቡ አታድርሱ። እስክሪብቶ፣ ፕላስተር፣ ስፒልና የብረት ወረቀት መያዣ። ቀለሙ ይሰራጫል፣ ሙጫው ይቀራል፣ ብረቱ ይዝጋል።

## ደረጃ 1፦ የስፌት ክፍሉን እንዳለ መዝግቡ

1. ክፍሉን ከበሩ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ እያንዳንዱን መደርደሪያ፣ መሳቢያና ሳጥን ሳትነኩ፣ ቀጥሎም ከፍታችሁ አንሱ።
2. ለእያንዳንዱ ማስቀመጫ ቁጥር ስጡ። የብስኩት ቆርቆሮው 1፣ የቁልፍ ጠርሙሱ 2፣ የጨርቅ ከረጢቱ 3 እያላችሁ ቀጥሉ።
3. ዕቃ ስታወጡ በመጣበት ቁጥር ስር መዝግቡ። ደብዳቤ ከፓተርን (ልብስ የሚቆረጥበት የወረቀት ንድፍ) ጋር ተጣጥፎ ከተገኘ አብሮ እንደተገኘ ጻፉ፤ ለየብቻ ካስቀመጣችኋቸው ግን ግንኙነታቸው ይጠፋል።
4. ቁርጥራጭ ጨርቅ አትጣሉ። ልብሱ ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖት ቁራጩ ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ተጠንቀቁ። የመርፌ ትራስ ውስጥ እስከ ራሳቸው የሰመጡ መርፌዎች አሉ። በእጃችሁ አትጭመቁ፤ ሕፃናትንም አርቁ።

ዕቃው ቀድሞ ከተሰጠ ወይም ከተጣለ፦ የቤተሰቡን የድሮ ፎቶዎች ሰብስቡና በፎቶዎቹ ላይ እሳቸው የሰፉትን ልብስ ለዩ። ደረጃ 4ን በነዚያ ፎቶዎች ትሠሩታላችሁ።

## ደረጃ 2፦ የስፌት መኪናውን አንብቡ

መኪናው ሲንገር የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ግላስጎው አጠገብ ክላይድባንክ ውስጥ የነበረው የሲንገር ፋብሪካ ከ1880ዎቹ እስከ 1980 ሠርቷል፤ ምርቱም በመላው ዓለም ተሸጧል። አገራችን በረንዳ ላይ የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎችም የሚያውቁት ስም ነው።

1. መኪናው የቆመበትን የብረት ወለል በስተቀኝ በኩል እዩ። የተቀረጸ ቁጥር አለ፤ አንዳንዴ ከስር ነው። ባትሪውን በአግድም አብሩበትና ፎቶ አንሱት።
2. ከቁጥሩ በፊት ያለውን ፊደል እዩ። ነጠላ ኤፍ፣ ጄ፣ ፒ፣ አር፣ ኤስ፣ ቪ ወይም ዋይ ከሆነ ክላይድባንክ የተሠራ ነው። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያሉት የክላይድባንክ መኪናዎች በኢ የሚጀምሩ ሁለት ፊደላት አሏቸው። ጂ፣ ወይም በኤ የሚጀምሩ ሁለት ፊደላት ከሆኑ ኒው ጀርሲ፣ ኤልዛቤት ከተማ ነው። ጄ ብቻዋን ስትሆንና ጄ ከሌላ ፊደል ጋር ስትመጣ አታምታቱ፤ ሁለት ፊደል ያለው ካናዳ፣ ኩቤክ የተሠራ ነው።
3. ቁጥሩን በመኪናው ስም ከወጡ የምርት ዘመን ሰንጠረዦች ጋር አስተያዩ። የምታገኙት ቁጥሩ ለፋብሪካው የተመደበበትን ዘመን ነው። የተገዛበት ዓመት ሌላ ነው፤ መኪናው ያገለገለ ተገዝቶም ሊሆን ይችላል።
4. ሞተር ካለው በሞተሩ ላይ ያለውን ትንሽ ሳህን አንብቡ። ይቺ ሳህን በእኔ ግምት ከመለያ ቁጥሩ የበለጠ ትናገራለች። ከ200 እስከ 250 ቮልት የሚል መኪና ሰሜን አሜሪካ ቤት ውስጥ ከተገኘ ከብሪታንያ ተጭኖ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። 110 ቮልት ከሆነ ግን ከመጡ በኋላ የገዙት ነው ብላችሁ መነሳት ትችላላችሁ። አውስትራሊያ ይህ አይሠራም፤ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከብሪታንያው ጋር ተቀራራቢ ነው።

ተጠንቀቁ። የድሮ ሞተር ሶኬት ላይ ሰክታችሁ አትሞክሩ። የሽቦው ላስቲክ ተሰነጣጥቆ ይሆናል። ተሽከርካሪው ከደረቀ የስፌት መኪና ዘይት ብቻ ጠብ አድርጉ፤ የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይይዘዋል።

ቁጥሩ ከተፋቀ፦ የመኪናውን ሙሉ ቅርጽ፣ የአበባ ጌጡንና ማጠንጠኛውን የሚይዘውን የታችኛውን ክፍል ፎቶ አንሱ። ሞዴሉን ከነዚህ መለየት ይቻላል። ሞዴሉም ካልታወቀ እለፉት፤ እዚህ ላይ ሳምንት አታቃጥሉ።

## ደረጃ 3፦ ፓተርኑን፣ ክሩንና ጨርቁን አንብቡ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ጊዜያችሁን ውሰዱ።

የወረቀት ፓተርን

1. ፖስታውን ፊትና ኋላ ፎቶ አንሱ። የውስጡን ስስ ወረቀት ዘርግታችሁ ለማጠፍ አትታገሉ፤ ይቀደዳል።
2. ዋጋውን እዩ። በሽልንግና በፔንስ ከሆነ ብሪታንያ ከየካቲት 15 ቀን 1971 በፊት፣ አውስትራሊያ ደግሞ ከየካቲት 14 ቀን 1966 በፊት ነው፤ በነዚህ ቀናት ነው ሁለቱም አገሮች ገንዘባቸውን ወደ አሥርዮሽ የቀየሩት። በዶላር ከሆነ ከስደት በኋላ ነው።
3. የፓተርኑን ቁጥርና የድርጅቱን ስም መዝግቡ። በሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የንግድ ፓተርኖች ማኅደር ዓመቱን ለመለየት ይረዳል።
4. በእጅ የተጻፈውን ሁሉ አንብቡ። የደረትና የወገብ ልክ፣ የልጅ ስም፣ «2 ኢንች ጨምሪ» የሚል ማስታወሻ። ማን ምን ያህል ቁመት እንደነበረውና መቼ እንደ ተሰፋለት የሚነግራችሁ ይህ ነው።

ክር

ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ቦታ ይህ ነው። ማጠንጠኛው ላይ «ፔዝሊ» የሚል የስኮትላንድ ከተማ ስም አይቶ እናትየውን የፔዝሊ ተወላጅ ያደርጋቸዋል። የኮትስና የክላርክ ድርጅቶች ክር ከፔዝሊ ለመላው ዓለም ይሸጥ ነበር፤ ሁለቱ ስሞች አሜሪካ ውስጥም ፋብሪካ ነበራቸው። ከክር የሚገኘው መረጃ ትንሽ ነው፦ የእንጨት ማጠንጠኛ በአብዛኛው ከፕላስቲኩ የቀደመ ነው፤ በዚህ ተወሰኑ።

ልብስ

1. ልብሱን ነጩ አንሶላ ላይ ዘርጉት፤ ሜትሩን ከጎኑ አድርጋችሁ ከፊት፣ ከኋላና ገልብጣችሁ ፎቶ አንሱ። ሁሌም ገልብጡት። ታሪኩ ያለው በገበሩና በስፌቱ ላይ ነው።
2. ምልክት ፈልጉ። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ክፍት ክቦች የሚመስሉ ሲ ፊደሎችና 41 ቁጥር ያለበት ምልክት ካገኛችሁ ብሪታንያ ውስጥ ከ1941 እስከ 1952 በመንግሥት ቁጥጥር የተሠራ ልብስ ወይም ጨርቅ ነው። የልብስ ራሽን ከሰኔ 1941 እስከ መጋቢት 1949 ስለቆየ የዚያን ዘመን ልብስ እየፈቱ ደግሞ መስፋት የተለመደ ነበር።
3. የልጅ ቀሚስ ከሆነ ከታችኛው ቅምቅማት ከፍ ብሎ ቀለሙ የተለየ አግድም መስመር መኖሩን እዩ። ያ የቀድሞው እጥፋት ነው። ልጅቷ ስታድግ ተፈትቶ ረዝሟል። ሁለት መስመር ካለ ሁለት ጊዜ። በመስመሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ለኩና መዝግቡ፤ ልጅቷ ያደገችበት ልክ ነው።
4. ክር ሳይኖርበት በተርታ የተደረደሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ካያችሁ ጨርቁ ድሮ ሌላ ልብስ ነበር። በሴት ልጅ ካፖርት ላይ የቁልፍ ቀዳዳው በለባሿ ግራ በኩል ከሆነ ደግሞ የወንድ ካፖርት ተፈትቶ የተሰፋ ሊሆን ይችላል። የማን ካፖርት? ይህ ጥያቄ ለደረጃ 4 ይቀመጥ።
5. በጥቃም የተጠገነውን ቦታ በቅርብ አንሱ። ጥሩ ሰፊ ሴቶች የእጅ ሥራቸው ከጥቃሙ ይታወቃል፤ ሁለት ልብስ በአንድ እጅ መጠገኑን ማየት ይቻላል።
6. ለእያንዳንዱ ልብስ ቁጥር ያለበት ካርድ በጥጥ ክር እሰሩ። ካርዱ ላይ ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለያይታችሁ ጻፉ።

ተጠንቀቁ። አትጠቡ፣ አትተኩሱ፣ ነጠብጣብ ለማስለቀቅ አትሞክሩ። የቆየ ጨርቅ እርጥብ ሲሆን በራሱ ክብደት ይቀደዳል።

ስለ ታርታን (የስኮትላንድ ባለ መስመር ጨርቅ) አንድ ነገር፦ ባለ መስመር ቀሚስ ስላገኛችሁ ብቻ «የዚህ ጎሣ ናቸው» ብላችሁ አትጻፉ። ሰው የወደደውን ታርታን ይገዛል። የስኮትላንድ የታርታን መዝገብ የንድፉን ስም ይነግራችኋል እንጂ የለባሹን ዘር አይነግራችሁም።

ምንም ምልክት ካልተገኘ፦ ልብሱ ላይ ያለውን ዚፕ እዩ። ብረት ከሆነ የናይለን ዚፕ ከተስፋፋበት ከ1960ዎቹ በፊት የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ግን ሰው የድሮ ዚፕ ፈትቶ አዲስ ልብስ ላይ ይሰፋል፤ በዚፕ ብቻ ዓመት አትወስኑ።

## ደረጃ 4፦ ዕቃውን ይዛችሁ ሰዎቹን ጠይቁ

1. በዕድሜ ከገፉት ጀምሩ። የሟች እህት ስኮትላንድ ካሉ መጀመሪያ እሳቸው ናቸው።
2. ለፈረንጅ ሽማግሌ በባዶ ስም መጥራት ቢከብዳችሁ ባለቤታችሁ «ኦንቲ» ብሎ የሚጠራቸውን እናንተም እንዲሁ ጥሩ።
3. እየቀዳችሁ መሆኑን ተናግራችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ስልኩን ጥሪ እንዳይገባ አድርጉት፤ ቴሌቪዥኑን አስጠፉ።
4. «ስለ እሳቸው ንገሩኝ» አትበሉ። መልሱ «ደግ ሴት ነበሩ» ይሆንና ያበቃል። የዕቃውን ፎቶ አሳዩና «ይሄን ማን ለበሰው?»፣ «ጨርቁ ከየት መጣ?»፣ «ሲሰፉ የት ይቀመጡ ነበር?» በሉ።
5. ዝም ካሉ ዝም በሉ። ቀጣዩን ጥያቄ አትወርውሩ።
6. ድምፁን በዚያው ቀን በሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ከተናገረ፦ ዳኛ አትሁኑ። ሁለቱንም ከነተናጋሪው ስም መዝግቡ። ልብሱ ወይም መዝገቡ አንዱን የሚደግፍ ከሆነ ያኔ ትጽፋላችሁ፤ ካልደገፈ ሁለቱም ይግቡ።

ማልቀስ ከጀመሩ፦ መቅጃውን አጥፉ። ሻይ ይፈላ። በሌላ ቀን ተመለሱ።

## ደረጃ 5፦ አሁን ወደ መዝገብ ግቡ

አሁን ግምታዊ ዓመት፣ ቦታና የዘመድ ስም ይዛችኋል። ፍለጋው የሚሳካው በዚህ ነው።

ስሙን አስተካክሉ

እኛ ዘንድ ሴት ብታገባም የአባቷን ስም እንደያዘች ትኖራለች፤ እዚያ ደግሞ የባል ስም ይጨመራል። ስኮትላንድ ውስጥ ግን የትውልድ ስሟ ከመዝገብ አይጠፋም፤ ያገባች ሴት ሞት በሁለቱም ስሞች ይመዘገባል። ስለዚህ በሁለቱም ፈልጉ። ጄሲ ተብለው ሲጠሩ የኖሩ እናት መዝገብ ላይ ጃኔት፣ ኤፊ የተባሉት ዩፌሚያ ሊሆኑ ይችላሉ። በ«ማክ» የሚጀምር የቤተሰብ ስም በተለያየ መንገድ ይጻፋል፤ ስትፈልጉ ማንኛውንም ፊደል የሚተካውን የኮከብ ምልክት (*) ተጠቀሙ።

የስኮትላንድ መዝገብ

1. «ስኮትላንድስ ፒፕል» ወደሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ግቡ። የልደት፣ የጋብቻና የሞት የመንግሥት ምዝገባ የሚጀምረው ከጥር 1 ቀን 1855 ነው።
2. የልደት መዝገብ ምስል ለ100 ዓመት፣ የጋብቻ ለ75፣ የሞት ለ50 ዓመት በኢንተርኔት አይታይም። አማታችሁ በ1930ዎቹ ከተወለዱ ማውጫውን ብቻ ታያላችሁ። አትደንግጡ፤ ኦፊሴላዊውን ግልባጭ እዚያው ማዘዝ ይቻላል። ኤድንብራ ባለው ማዕከል በአካል የሄደ ሰው ደግሞ የተዘጋውንም ማየት ይችላል።
3. ግልባጩ ሲመጣ የወላጆች ጋብቻ ቀንና ቦታ የሚለውን መስመር ፈልጉ። የስኮትላንድ የልደት ወረቀት ይህን ይይዛል፤ ወደ ቀጣዩ ትውልድ የሚያሻግራችሁ እሱ ነው። የሞት መዝገቡም የሁለቱንም ወላጆች ስም፣ የእናትን የትውልድ ስም ጨምሮ ይሰጣል።
4. የሕዝብ ቆጠራ ከ1841 እስከ 1921 ክፍት ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ክፍተት በመስከረም 1939 የተደረገው ብሔራዊ ምዝገባ አለ፤ ስለሞቱ ሰዎች ቅጂ እንዲሰጣችሁ ለስኮትላንድ ብሔራዊ መዛግብት ማመልከት ይቻላል።

የጉዞ መዝገብ

ከብሪታንያ በመርከብ የወጡ መንገደኞች ዝርዝር ከ1890 እስከ 1960 ያለው ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ መዛግብት ተቀምጧል፤ በክፍያ በሚሠሩ የዘር ሐረግ ድረ ገጾችም ይገኛል። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እነዚህን ድረ ገጾች በነፃ ስለሚያስጠቅሙ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ዝርዝሩ ዕድሜን፣ ሥራንና ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን አድራሻ ይይዛል። ሥራ በሚለው ቦታ «ማሺኒስት» ከተጻፈ ለሴት በአብዛኛው የልብስ ፋብሪካ ሰፊ ማለት ነው።

ካናዳ የገቡ ከሆነ ከ1935 በኋላ ያለው የካናዳ ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ስላልሆነ የብሪታንያው ይቀላል። ከ1928 እስከ 1971 ስደተኛ ይቀበል የነበረው የሃሊፋክስ ወደብ ፒር 21 ዛሬ ሙዚየም ነው፤ የካናዳ ወታደሮችን አግብተው ስለመጡ ሴቶችም ብዙ ይዟል። አውስትራሊያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ10 ፓውንድ የጉዞ ክፍያ የሄዱ ከሆነ የአውስትራሊያ ብሔራዊ መዛግብትን ጠይቁ።

ቀን ስትገለብጡ ተጠንቀቁ። 4/7 የስኮትላንድ ወረቀት ላይ ጁላይ 4 ነው፤ የአሜሪካ ወረቀት ላይ ኤፕሪል 7። የወሩን ስም በፊደል ጻፉት።

ከመርከብ ዝርዝር ከጠፉ፦ በአውሮፕላን መጥተው ይሆናል። የድሮ ፓስፖርታቸውን ማኅተም ፈልጉ። አሜሪካ ከሆነ የዜግነት ፋይላቸውን ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የዘር ሐረግ ክፍል መጠየቅ ይቻላል።

ያልተጠበቀ ነገር ከወጣ፦ የአባት ስም ባዶ የሆነ የልደት ወረቀት፣ ማንም ያላወቀው የመጀመሪያ ጋብቻ። ለቤተሰቡ ግሩፕ አትላኩት። መጀመሪያ ለባለቤታችሁ ብቻ፣ በአካል አሳዩ። ይጻፍ አይጻፍ የሚወስኑት ልጆቻቸው ናቸው።

## ደረጃ 6፦ ጻፉ

1. ከስድስት እስከ ስምንት ዕቃ ምረጡ። ከዚያ በላይ ከሆነ ዝርዝር ይሆናል።
2. በዕድሜ ቅደም ተከተል አስቀምጧቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ክፍል ጻፉ።
3. እያንዳንዱን ክፍል በዕቃው ጀምሩና ወደ ሕይወታቸው ተሻገሩ። «እናታችን ስፌት በጣም ይወዱ ነበር» ብላችሁ አትጀምሩ። ይልቁን እንዲህ፦ «የአረንጓዴው ቀሚስ ቅምቅማት ሁለቴ ተፈቷል። መጀመሪያ የለበሰችው ትልቋ ናት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ታናሽየው።»
4. የተረጋገጠውን በቀጥታ፣ የተገመተውን «ሳይሆን አይቀርም» ብላችሁ ጻፉ።
5. ማድነቂያ ቃላትን በመጨረሻ ቁጠሩና ግማሹን ሰርዙ። እንደ ለቅሶ ቤት ሙሾ የተጻፈ ታሪክ የልጅ ልጆች አያነቡትም።
6. ለወላጆቻችሁ የአማርኛ ቅጂ ካዘጋጃችሁ ከየዓመቱ አጠገብ እ.ኤ.አ. በሉ፤ አለበለዚያ አባባ ሰባት ስምንት ዓመት አዛብተው ያነቡታል።
7. ከማተማችሁ በፊት ለሁሉም ልጆች እኩል ቀን ሰጥታችሁ አስነብቡ።

## ደረጃ 7፦ ጨርቁን አስቀምጡ

1. ያልነጣ አቡጀዴ ግዙ፤ ያለ ማለስለሻ እጠቡና በደንብ አድርቁ። ልብሱን በሱ ጠቅልሉ። እጥፋቱ ውስጥ አሲድ የሌለው ስስ ወረቀት ሙሉበት።
2. ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ዘግታችሁ አታኑሩ፤ እርጥበት ይይዛል። ምድር ቤትና ጣሪያ ስር አይሁን።
3. የሱፍ ልብስ ላይ ብል ከታየ ለጊዜው ብቻ በፕላስቲክ አሽጉና −18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ጨርቁ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ከረጢቱን አትክፈቱ።
4. ጥልፍ ያለበትን አትጠፉ፤ በወረቀት ጥቅል ላይ ጠቅልሉት።
5. ፎቶግራፎችን ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት ልክ) ስካን አድርጉ፤ ጀርባቸውንም። ጀርባ ላይ የምትጽፉት በለስላሳ እርሳስ ብቻ ነው።
6. አንዷ ልጅ ከልብሶቹ ብርድ ልብስ ልሥራ ካለች መጀመሪያ እያንዳንዱ ልብስ ሙሉ ፎቶው ይነሳ፤ ካርዱም ይገልበጥ። የሠርግ ልብስና ሲሲ41 ምልክት ያለበት መቀስ አይንካው።
7. ዕቃ ስትከፋፈሉ ካርዱ ከልብሱ ጋር ይሂድ፤ ማን ምን እንደወሰደ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። መኪናውን ሁለት ሰው ከፈለገው ዕጣ አውጡ፤ የዕጣው ቀን ሁሉም ባሉበት ይሁን።